በነሐሴ ብርድ የረጋ ዘይት

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። አንብባችሁ ስትጨርሱ አንዳንዶቻችሁ «የእጅሽን ነው ያገኘሽው» ትሉኝ ይሆናል፤ ብትሉኝም አልቀየምም። ራሴን ካልኩት የባሰ ልትሉኝ አትችሉም።

አስካለ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰው ምን ቢበላ እንደሚሻለው እናገራለሁ። ያን ጊዜ ሥራዬን ስወደው ለጉድ ነበር፤ አፌም አያርፍም። የሰው ጓዳ ገብቼ የዘይቱን ጀሪካን ከፍቼ አሸታለሁ፣ ጨው በዛ ብዬ እቆጣለሁ። የሰፈሩ ሴቶች ሲያዩኝ «ዶክተሯ መጣች፣ ድስት ክደኑ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ወተት አልወድም ካለች ደግሞ አማቷን ለብቻዋ ጠርቼ «ገንፎው ውስጥ ደብቀሽ ጨምሪላት» እላለሁ። ለሰውየው ጥቅም እስከሆነ ድረስ መደበቅ ነውር አይመስለኝም ነበር። እንዲያውም ብልሃት ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ወይዘሮ በለጡ ትባላለች። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ከአንኮበር ወረድ ብላ ባለች መንደር፣ ገብስና ባቄላ እያረሰች ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔንና ታናሽ እህቴን ትዕግስትን ብቻዋን አሳደገችን። ባለፈው ክረምት ሆዷ እያበጠ፣ ዓይኗ ቢጫ እየሆነ ሲመጣ አጎቴ ይዟት ወደ እኔ መጣ። አስመረመርኳት። ሐኪሙ እሷን ውጭ አስቀምጦ ለእኔ ነገረኝ፤ ጉበቷ ነው፣ ጊዜው አልፏል። ከዚህ በኋላ የምንችለው ጉልበት እንዳታጣ መመገብ ብቻ ነው አለ። በዘይት የተነከረ ነገር ያስታውካታል፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤም ቢሆን በትንሽ በትንሹ ብትቀምስ ጥሩ ነው አለኝ።

እኔም ይሄማ የእኔ ሙያ ነው ብዬ ታጥቄ ተነሳሁ። ግን ሐምሌ አለቀና ፍልሰታ ገባ።

የፍልሰታን ጾም የማያውቅ የሀገሬ ሰው የለም፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ የሚጾሙት ነው። አስራ አምስት ቀን ይጾማል፣ በአስራ ስድስተኛው ይፈሰካል። የእማዬ የነፍስ አባት በስልክ «ታማሚ ነሽ፣ ኃጢአት አይሆንብሽም፣ ብዪ» ብለው ፈቀዱላት። እሷ ግን ወይ ፍንክች። እኔ ስለ ፕሮቲን ስሰብክላት ሰማችኝና ስጨርስ እንዲህ አለችኝ።

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ፍልሰታ አጉድዬ አላውቅም። ሀብት የለኝ፣ የተማርኩት የለኝ፣ ቤተ ክርስቲያን አላሠራሁ። ይዤ የምሄደው ይቺኑ ነው። የመጨረሻዬን አታስጎድዪኝ፣ ልጄ።»

እንደምትሞት ማንም አልነገራትም ነበር። ለካ ታውቃለች።

ትዕግስት ዱባይ ነው የምትሠራው። የእማዬን ነገር ስትሰማ ማልቀሱ አልበቃ ብሏት በሰው እጅ አንድ ትልቅ ካርቶን ላከች። ኤር ፍራየር ነው፤ በሙቅ አየር የሚጠብስ፣ እንደ ቁም ሳጥን መሳቢያ እየተሳበ የሚከፈት ጥቁር ዕቃ። በአንድ ማንኪያ ዘይት ድንቹም ካሮቱም ይጠበስልሻል፣ አያስታውካትም አለችኝ። እማዬ ካርቶኑ ሲከፈት አይታ መጀመሪያ የጠየቀችው «ሥጋ ነክቶታል?» ብላ ነው። የጾምና የፍስክ ድስት የማይለይ ባልቴት የለም፤ እማዬ ግን ማንኪያውን ሳይቀር ነው የምትለየው። አዲስ መሆኑን ነገርኳት። በጣቷ ውስጡን ዳብሳ «እንግዲያው የጾም ዕቃ ይሁንልኝ» አለች። እኔም ይሁን አልኳት።

ከዚያ የዘይት ፍለጋ ተጀመረ። መጀመሪያ ቤት ያለውን የኑግ ዘይት አደረግሁበት። ከመጭመቂያ ቤት የመጣ፣ ያልተጣራ ዘይት ነው፤ ለወጥ የሚስተካከለው የለም። ዕቃው ሲግል ግን ቤቱን በጭስ ሞላው፣ ድንቹም መረረ። እማዬ ሽታው ሲደርሳት ባዶ ሆዷን አስታወካት። በማግስቱ የተልባ ዘይት ሞከርኩ፤ ለጤና ጥሩ ነው እያልኩ ለሰው የምሰብከው እሱን ነበር። እሱ ደግሞ አዲስ የተቀባ ግድግዳ የመሰለ ሽታ አመጣ። በእሷ መታመም ሳይሆን በዕቃው ተናድጄ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ወረቀቱን አውጥቼ ባነብ፣ ሙቀት ሲበረታበት የማይጨስ የተጣራ ዘይት ምረጡ ይላል። የተጣራ የሱፍ ዘይት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ በዚያ ሳምንት ጠፍቷል።

በመጨረሻ ገበያ ውስጥ ከአልዩ አምባ መጥቶ ቅመምና ዘይት የሚሸጥ ሰዒድ የሚባል ነጋዴ ጋ ሄድኩ። የእማዬን ሕመም ስነግረው «አላህ ያሽራት» አለና በጀሪካን ያለውን የፓልም ዘይት አሳየኝ። ይሄ አይጨስም፣ ሽታም የለውም አለኝ። ግን በእናንተ ብርድ ይረጋል፣ እሳት አጠገብ አኑሪው ብሎ መከረኝ። ስብ እንደሚበዛው አውቃለሁ፤ ሰው ሲገዛው ካየሁ የምቆጣው እኔ ነኝ። ለእሷ ግን የልቧም ነገር፣ የሚዘጋው የደም ሥርም አላሳሰበኝም። ሆዷ ውስጥ የሚቆይ ነገር ነበር የፈለግሁት። እውነትም አልጨሰም። ድንቹ ወርቅ መስሎ ወጣ። ግን እማዬ ሁለት ሦስት ቁራሽ ቀምሳ «በቃኝ፣ አፌ ውስጥ አመድ አመድ ይላል» እያለች ትመልሰዋለች።

ነሐሴ ስምንት ቀን ልብሷን ሳለብሳት የሕፃናትን ክሳት ለማወቅ ክንዳቸውን የምለካበት ሜትር ኪሴ ውስጥ ነበር። ምን እንዳሰብኩ እንጃ፣ ክንዷ ላይ ጠመጠምኩት። ለልጅ የተሠራው ሜትር እናቴ ክንድ ላይ ዞሮ ገጥሞ ተረፈ። «ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ፤ ምንም አልኳት። ከዚያ ገበያ ሄጄ ለጋ ቅቤ ገዛሁ።

እንዲህ ነው ያደረግሁት። አንድ ማንኪያ ቅቤ አቅልጬ ከፓልሙ ዘይት ጋር ቀላቀልኩት። ድንቹን አሸሁበት። ሽታው እንዳይታወቅ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት በዛ አደረግሁበት። ሐኪሙ ፈቅዷል፣ የነፍስ አባቷ ፈቅደዋል፣ እኔ ማን ነኝ የምከለክላት እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የከለከለችው እሷ ነበረች፣ የተደበቅሁትም ከእሷ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አቀረብኩላት። ቀስ እያለች ሰሃኑን ጨረሰችው። ከመጣች ጀምሮ ሰሃን ስትጨርስ አይቻት አላውቅም።

«ዛሬ ደግሞ እንዴት ጣፈጠኝ፣ አስኩዬ» አለች። «እጅሽ ይባረክ። ወልደሽ ልጅሽ እንዲህ ያብላሽ።»

አሜን አልኩ። ጓዳ ገብቼ መሳቢያውን በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። በማግስቱ ግን ቅቤውን ላቀልጥ ስነሳ ምርቃቷ ጆሮዬ ላይ መጣና እጄ እምቢ አለኝ። የተረፈውን ቅቤ ለጎረቤት ሰጠሁት፤ ሁለተኛ አልደገምኩትም። አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ማንም አያውቅም፣ አለፈ አልኩ።

አሁን ነሐሴ አስራ አንድ ላይ ደረስን።

በዋዜማው ድንች እየጠበስኩ መብራት ጠፋ። የደረሰውን አውጥቼ ሰጠኋት፤ መሳቢያውን ሳላጥብ ተኛሁ። በማለዳው ስብሰባ ነበረብኝ፣ ዝናብ እየደበደበኝ ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ገደማ ስመለስ እማዬ ከአልጋዋ ተነስታ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጋቢዋን ደርባ፣ የኤር ፍራየሩን መሳቢያ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ለካ ብቻዋን ስትሆን ሥራ ልታግዘኝ ብላ፣ ግድግዳ እየተደገፈች ጓዳ ገብታ ልታጥብ ነው ያወጣችው። መቀመጥ እንኳ በሰው እርዳታ ነበር እኮ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

አየሁት። ከቅርጫቱ ሥር የተንጠባጠበው ዘይት በብርዱ ረግቶ፣ ነጣ ቢጫ ብሎ፣ ጥፍጥፍ ብሎ ተኝቷል። ቅቤ ነው የሚመስለው። ቅቤ የማያውቅ ሰው እንኳ ቅቤ ነው ይላል። እማዬ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ስትንጥ የኖረች ሴት ናት። በሌባ ጣቷ ጫር አድርጋ አወጣችና አሳየችኝ።

ሳቄ መጣ። ከፍርሃት ይሁን ከምን አላውቅም፣ ሳቅሁ። ዘይት እኮ ነው እማዬ፣ ብርድ ሲነካው ይረጋል አልኳት። አላመነችኝም። «እኔን ነው ዘይት የምታስተምሪኝ?» አለች። ሮጬ ጀሪካኑን አመጣሁ። ከምድጃው ርቆ ነበርና እሱም ግማሹ ረግቷል። በማንኪያ ቆርሼ አወጣሁ፣ ከጣቷ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁላት፣ መዳፏ ላይ አድርጌ እስኪቀልጥ አሸሁላት፣ አሸተተች። የሰዒድን ምክር ሳይቀር ነገርኳት፤ ገበያ ወስጄ እሱን ራሱን ላስመሰክር ምንም አልቀረኝም። እንደዚያን ቀን ሽንጤን ገትሬ ተከራክሬ አላውቅም። የተከራከርኩት ደግሞ እውነት ነበር።

እማዬ ማንኪያውን ተቀብላ ደግማ አሸተተችው። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፣ እፎይ አለች።

«እውነትሽን ነው፣ ዘይት ነው» አለችኝ። «ምን ዓይነት ዘመን መጣ፣ ዘይት ቅቤ መሰለ። በክፉ ጠረጠርኩሽ፣ የኔ ልጅ። ይቅር በዪኝ።»

ይቅር በዪኝ አለችኝ፤ እኔን። እግሯ ሥር ተንበርክኬ ጣቷን በጨርቅ ጠረግሁላት። አለፈ አልኩ በሆዴ፣ አለፈ።

«ታዲያ» አለች ራሴን እየዳበሰች፣ «ሐኪሙም አንቺም ብዪ ብዪ ስትሉኝ ሰይጣን ልቤን ከፈለው። አንድም ቀን አላደረግሽውም አይደል?»

«አላደረግሁም።»

«እናቴ ትሙት በዪኝና ልቤ ይረፍ።»

ሰው ሁሉ እናቴ ትሙት ይላል። እኔም ለማይረባው ሁሉ እለው ነበር፤ ታክሲ አጣሁ እናቴ ትሙት፣ ሽንኩርቱ ውድ ነው እናቴ ትሙት። በቀን አርባ ጊዜ ከአፌ ይወጣ ነበር። አሁን ግን እናቴ ፊቴ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል፣ ክንዷ በልጅ ሜትር ይለካል። አፌን ከፈትኩ። «እናቴ» አልኩ። ቀሪው አልወጣም።

እንደገና ሞከርኩ። በውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። እጇ ራሴ ላይ እንዳለ ነው፤ አላነሳችውም፣ ግን መዳበሷን አቆመች።

«መቼ ነው?» አለችኝ።

«ነሐሴ ስምንት።»

«ያ የጣፈጠኝ?»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። እጇን ከራሴ ላይ አነሳችና ጋቢዋ ውስጥ ከተተችው።

«መርቄሽ ነበር እኮ» አለች።

ከዚያ በኋላ ለመንኳት፣ አለቀስኩ፣ እንድትኖሪልኝ ብዬ ነው አልኩ። ሰማችኝ። አውቃለሁ፣ ለክፉ አላደረግሽውም አለች። ይቅርም አለችኝ። ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተቀቀለ ድንች ያለ ዘይት፣ ያለ ምንም፣ በጨው ብቻ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም። ውሃ ስሰጣት ጠጣች። በማግስቱ ጠዋት «ወደ ተፈራ ቤት ውሰጂኝ» አለችኝ። አንኮበር ያለው አጎቴ ነው፣ ታናሽ ወንድሟ። መንገዱ በጉም ተሸፍኖ ሹፌሩ መብራት አብርቶ ነበር የሚሄደው። ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ተጓዘች፤ ትከሻዬን አልከለከለችኝም። በመንገድ ላይ ብስኩት ገዝቼ ብሰጣት ግን በእጇ ይዛው ቆየችና መልሳ ቦርሳዬ ላይ አስቀመጠችው።

ጋሽ ተፈራ ቤት የአጎቴ ሚስት እትዬ ወርቄ የሰጠቻትን በሶ በላች። እዚያው አጠገቧ ቆሜ አየሁ። የልጇን እጅ ሸሽታ ከእሷ እጅ በላች። ምን እንዳደረግሁ ለእነሱ አልነገረችብኝም፤ እስከ መጨረሻዋ ለማንም አልነገረችም። እነሱም ሳትታክት ያስታመመች ልጅ እያሉ ያመሰግኑኝ ነበር።

ነሐሴ አስራ ስድስት የጾሙ መፍቻ ነው። እንቁላልና አንድ ዶሮ ይዤ ማልጄ ሄድኩ። በቃ፣ ዛሬ ትበላለች፣ ከእትዬ ወርቄም እጅ ቢሆን ትበላለች ብዬ። ስደርስ ሰው ሁሉ ፈስኮ እማዬ ብቻ ውሃ የመሰለ አጥሚት ይዛ ተቀምጣለች። እትዬ ወርቄ ወደ ደጅ ስባ አወጣችኝ። «በአስራ ሁለት ነው የጀመርኩት፣ ገና ነኝ ትላለች። አእምሮዋ እየሳተ ነው መሰለኝ» አለችኝ።

አልሳተም ነበር። የተገደፈ ጾም አይቆጠርልኝም ብላ እኔ ቤት ከወጣችበት ቀን፣ ከአስራ ሁለት፣ እንደገና አንድ ብላ ጀምራ ነበር። አስራ አምስት ቀን ሞልቶ ነሐሴ ሃያ ሰባት ልትፈስክ ነው። የነፍስ አባቷን ለምኜ ቤት ድረስ አመጣኋቸው። ሳያውቁ የበሉት ጾም አያስገድፍም፣ ጾምሽ ሙሉ ነው ብለው ነገሯት፣ መስቀል አሳለሟት። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» አለች፣ ከወጡ በኋላ አጥሚቷን ጠጣች። እኔ ጉልበት ላስጨምራት ብዬ በሰጠኋት አንድ ማንኪያ ቅቤ ምክንያት ሌላ አስራ አምስት ቀን ጫንኩባት። ይሄን በዚያች ቀን፣ አጎቴ ደጃፍ ዶሮዋን እንዳቀፍኩ ነው የገባኝ።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አገላብጣት ነበር፣ አጥባት ነበር፤ ያንን እሺ ትለኛለች። ምግብ ከሆነ እትዬ ወርቄን በዓይኗ ትፈልጋለች።

ነሐሴ ሃያ አምስት ጠዋት ትንፋሿ ተቆራረጠ። ዓይኗን ገለጠችና እኔን አየችኝ።

«ዛሬ ስንት ነው?» አለች።

እትዬ ወርቄ ከራስጌዋ በኩል ቆማለች። ጾሙን እንደ አዲስ መጀመሯን ታውቃለች፤ ሃያ ሰባት በያት በሚል ዓይን አየችኝ፣ በጣቶቿም ሁለት ጨምሪ ብላ አሳየችኝ። ገብቶኛል። አንድ ቃል ብቻ ነበር። ጨርሰሻል እማዬ ብላት ኖሮ ፊቷ ይፈታ ነበር።

«ሃያ አምስት» አልኳት።

«ሁለት ቀረኝ» አለች። «እንግዲህ አልደረስኩም።»

ከቀትር በፊት አረፈች።

ዛሬም ቤት ለቤት እዞራለሁ። ሰው እንደ ድሮው ይጠይቀኛል። ዘንድሮ ኤር ፍራየር የያዘ ሰው ከተማው ውስጥ በዝቷል፤ የትኛው ዘይት ይሻላል ይሉኛል፤ የማይጨስ የተጣራውን ምረጡ እላለሁ፣ ትክክል ነው። ታማሚዬ አልበላም አለችኝ፣ ደብቄ ልስጣት ወይ ለሚሉኝ ግን እንደ ድሮው አዎ አልልም። እሷን ጠይቋት እላለሁ። ጠይቀናት እምቢ ብላለች ይሉኛል። ያኔ ተነስቼ ወደሚቀጥለው ቤት እሄዳለሁ፤ እነሱም ሙያዋን አታውቅም ይላሉ። ደብቄ ባልሰጣት ኖሮ ትድን ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ፤ አትድንም ነበር። ሐኪሙም ብሏል። ግን የምትፈልገውን ጨርሳ ትሄድ ነበር። ያንን ነው የነጠቅኳት፣ ሌላ የሚነጠቅ ነገርም አልነበራት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ቤታችሁ ታማሚ ካለ፣ ምን እንደምታደርጉ ልነግራችሁ አልችልም። እኔ ብነግራችሁስ ማን ይሰማኛል።

ለትዕግስት ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅቤውን፣ መሐላውን፣ የመጨረሻውን ጠዋት። ስለ ቅቤው አልወቀሰችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሃያ ሰባት ነው ብትያት ምን ነበረበት?»